እርሾ ቆጣሪው

የሳርባ ነዳጅ ጠመቃ ድርጅት በመጋቢት ወር 2091 ዓ.ም. ያቀረበው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «የአራተኛው ማብላያ ምርት በሦስት ሳምንት ውስጥ በሲሶ ቀንሷል። በናሙናው የተገኘው ባዕድ እርሾ የቤት እርሾ ነው። የመጣውም ከእንጎዳ ቀበሌ ነው። ከድርጅቱ ወደ ቀበሌው የወጣ ምንም ነገር የለም።»

የእንጎዳ ቀበሌ ነዋሪዎች አቤቱታ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በሰባት ቤት የተጠመቀ ጠላ ተበላሽቷል። ሽታው የሞተር ነዳጅ ነው። አንድ ሰው ቀምሶት ሁለት ቀን ዓይኑን ጋርዶታል። የድርጅቱ እርሾ ቤታችን ገብቷል። ከቤታችን ወደ ድርጅቱ የሄደ ምንም ነገር የለም።»

ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ማለዳ ስሜነህ ቢረሳው ጠረጴዛ ላይ ደረሱ። ስሜነህ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው እርሾ ቆጣሪነት ነው፤ በየቤቱና በየማብላያው የትኛው እርሾ እንዳለ በየወሩ ይመረምራል። ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱም ቀበሌውም ሳይሆን የሐይቁ ዙሪያ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ሁለቱም ወገኖች እኩል ይጠረጥሩታል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለት ጊዜ አነበባቸው። ከዚያ በሁለቱም ላይ የደረሱበትን ሰዓት ጻፈ።

የጣናን ውሃ የሸፈነውን እምቦጭ ነቅለው ለመጨረስ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ እምቦጩን በረድፍ ያለማሉ። ያለ ፈቃድ የነቀለ ይቀጣል። ማጨጃ ጀልባዎች በየአሥራ አምስት ቀኑ ያጭዱታል፤ ሳርባ ላይ ይፈጫል፤ ማብላያ ውስጥ ገብቶ «ሰባተኛው» የሚባለው እርሾ በአራት ቀን ነዳጅ ያደርገዋል። ከሰባተኛው በፊት ስድስት ነበሩ። ስለ እነሱ የሚያወራ የለም።

ከድርጅቱ አጥር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ አስፋልቱን የሚያቋርጥ ቀይ መስመር አለ። የቤት እርሾ ሰባተኛውን እንዳይበክል ከመስመሩ ውስጥ ምንም ነገር አይቦካም። እንጀራ በታሸገ መኪና ይመጣል። የትምህርት ቤት ልጆች ጠዋት ሲሰለፉ «እጅ፣ ጥፍር፣ ጫማ» እያሉ ያሳያሉ። ከመስመሩ ውስጥ የተዳሩ ሴቶች እናታቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ደጃፍ ላይ ልብስ ይቀይራሉ። ከመስመሩ ውጭ የሚታተም የሠርግ መጥሪያ ሁሉ ከታች በትንንሽ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር አለው፦ «ከመስመር ውስጥ የሚመጡ እንግዶቻችን የራሳቸውን ጣሳ ይዘው እንዲገኙ በትሕትና እንጠይቃለን።» ይህን የሚያነብ ሰው ቅር አይለውም። ለምዶታል።

ስሜነህም ክዳን ያለው የብረት ጣሳ አለው፤ ስሙ ተቀርጾበታል። የቆጣሪዎች ደንብ ቁጥር ሦስት እንደሚለው ቆጣሪ በሰው ቤት ዕቃ አይጠጣም፤ የራሱን ጣሳም ለሌላ ሰው አያውስም። ስሜነህ ይህን ደንብ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም አልጣሰም።

ውሳኔ ለመስጠት አሥር ቀን ነበረው። መነሻው በአሥር ቀን ውስጥ ካልታወቀ ማጥራቱ በቤት እርሾ ላይ ይፈጸማል። ማጥራት የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ለስላሳ ነው። ትርጉሙ ግን ሊጥ ይቀቀላል፣ ጋን ይሰበራል ማለት ነው። ሸክላ እርሾውን በውስጡ ይዞ ስለሚያስቀር ታጥቦም ተቀቅሎም አይጠራም። በእንጎዳ ሃያ ስድስት ጋን አለ፤ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ ደግሞ አሥራ ሁለት ቤቶች። ከጋኖቹ አንዳንዶቹ ከድርጅቱ በዕድሜ ይበልጣሉ።

*

«መጣህ ሰባሪው?» አሉት ወይዘሮ አስረበብ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ።

ወይዘሮ አስረበብ የእንጎዳ ጠላ ሻጮች ሰብሳቢ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸውን ምንም አያመውም።

«ቆጣሪ ነኝ እትዬ አስረበብ። ሰባሪ ሌላ ሰው ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ። አንተ ትቆጥራለህ፣ እሱ ይሰብራል። ተከፋፍላችሁ ነው የምትሠሩት። ግባ፤ ጫማህን አውልቅ።»

ጫማውን አውልቆ፣ እጁን በጽሕፈት ቤቱ ፈሳሽ ታጥቦ ገባ። ወይዘሮ አስረበብ የአንዱን ጋን ክዳን አንስተው ወደ ጎን ቆሙ።

«አሽትተው።»

አሸተተው። የጌሾ ሽታ የለም። የጀልባ ሞተር ሲነሳ የሚወጣው ዓይነት ሽታ ነው። ጥጡን አስገብቶ መሣሪያው ላይ አደረገው። መሣሪያው ሰባተኛውን አገኘ።

«ስንት አለ?»

«ብዙ።»

«በወር አንዴ ነው የምጠምቀው። እንግዶቼ ሲመጡ ምን ልበላቸው? ክብሪት አትጫሩ ልበላቸው?»

ስሜነህ እንዳይስቅ ወደ ደብተሩ አጎነበሰ። እሳቸው ግን አዩት።

«ሳቅ፤ ሳቅ። ሳቅ አይቆጠርም። የጠላው ነገር ይቅር፤ ይደፋል። ጋኑን ነው የምልህ። አማቴ በሠርጌ የሰጡኝ ነው። ይኸ ጋን እኔን አኑሯል፤ ሦስት ልጅ አስተምሯል። አሁን አንድ ቅጠል ወረቀት ይዘህ መጥተህ ስበሪው ትለኛለህ?»

«ገና ምንም አላልኩም።»

«እሱን ነው የምፈራው። ምንም የማይል ሰው ደስ አይለኝም።»

በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለቱንም ቤቶች ዞረ። በሰባቱ ሰባተኛው ተገኘ፤ በአምስቱ የለም። ሁሉም ጌሾ የገዙት ከአንድ ሰው ነው። ብቅላቸውን ያስፈጩት በአንድ ወፍጮ ነው። ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው። ያልተበላሸባቸው አምስቱ ቤቶች በተበላሸባቸው መካከል ተበታትነው ነበር፤ አንዷ እንደውም ከወይዘሮ አስረበብ ጋር ግድግዳ ትጋራለች።

ሰው ምክንያት አላጣም። ነፋስ ነው ያሉ ነበሩ። የማጨጃ ጀልባ ሠራተኞች ገበያ ሲወጡ ያመጡት ነው ያሉም ነበሩ። አንዲት ሴት ጠበል የረጨ ቤት አልተነካም አሉ፤ ስሜነህ ይህንንም ጻፈው። ሲያጣራ ከተበላሸባቸው ሰባቱ አራቱ ጠበል ረጭተው ነበር። ከሴትዮዋ ጋር ግን አልተከራከረም።

*

የሳርባ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ዳግማዊ በሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ከስሜነህ ፊት ለፊት ተቀመጠ። አሥር ሰዓት ነው፤ ስሜነህ ሻይውን በጣሳው ይጠጣል። በመስኮቱ ማብላያዎቹ ይታያሉ፤ ከአራተኛው በስተቀር የሁሉም አናት ላይ ነጭ እንፋሎት አለ።

«አንተ ሰው ለማጥፋት የምትቸኩል አይደለህም፤ አውቃለሁ፣» አለ ዳግማዊ። «እኔም አይደለሁም። ግን ዘጠኝ መቶ ሠራተኛ አለኝ። በደሴቶቹ ላይ ያሉት ጤና ጣቢያዎች ጀልባቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከአራተኛው በሚወጣ ነዳጅ ነው። በዚህ ሳምንት ሁለት ጉዞ ሰርዘዋል።»

«ሪፖርትህ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«እና መነሻው አልታወቀም ብለህ ጻፍ። ውሸት አይደለም። ማጥራቱ ይፈጸማል፤ መንግሥት የታሸገ እርሾና የብረት በርሜል ይሰጣቸዋል፤ በሁለት ወር ውስጥ ይረሳል።»

«ያልታወቀው ገና ስላልጨረስኩ ነው።»

«ባትጨርስስ?»

«ያኔ አልታወቀም ብዬ እጽፋለሁ።»

ዳግማዊ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። በየዓመቱ ለእንጎዳ ትምህርት ቤት ደብተር ይሰጣል፤ የሁለት ሠራተኞቹን እናቶች በራሱ ጀልባ ሐኪም ቤት አድርሷል። ግን ጋን አይቶ አያውቅም። የተወለደው ከመስመሩ ውስጥ ነው።

*

በስድስተኛው ቀን ስሜነህ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ይገለብጥ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሽማግሌ ቆጣሪ ሥራውን ሲያስተምረው «ለምን እንደሆነ ባታውቅም ሰዓቱን ጻፍ» ብሎት ነበር፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሰዓቱን ይጽፋል። በየካቲት መጨረሻ፣ ጠላው ከመበላሸቱ በፊት፣ ለወርኃዊ ቆጠራ ወደ አሥራ ሁለቱ ቤቶች የገባበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ነበር።

አምስቱ ጤነኛ ቤቶች፦ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ተኩል፣ በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ስድስት ሰዓት።

የተበላሹት ሰባቱ ቤቶች ግን ሁሉም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበሩ።

ወሩ የዐቢይ ጾም ነው። ስሜነህ ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። በጠዋቱ የገባባቸው ቤቶች ሁሉ «ሰዓት አልደረሰም» ብሎ ምንም ሳይጠጣ ወጥቷል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በገባባቸው ሰባት ቤቶች ደግሞ አንድ ቆጣሪ እምቢ ሊል የማይችለውን አንድ ጣሳ ጠላ ጠጥቷል። በራሱ ጣሳ።

ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ጣሳውን ከቦርሳው ሳያወጣ፣ ቦርሳውን እንዳለ ይዞ ወደ እንጎዳ ሄደ።

«እትዬ አስረበብ፣ የየካቲቱን ቀን እንደነበረው ይድገሙልኝ። እኔ እንግዳ ነኝ። አሁን ሰዓት ደርሷል።»

«ምን ልቅዳልህ? ነዳጅ?»

«አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ በአዲስ እንስራ አምጥቻለሁ። እንደ ጠላው ይቁጠሩት።»

ወይዘሮ አስረበብ በጥርጣሬ አዩት። ግን እጃቸውን በጽሕፈት ቤቱ ፈሳሽ ታጥበው ተነሱ። እሱ ባመጣው አዲስ ቅል ከእንስራው ጨልፈው ጣሳውን ሞሉ። ከመስጠታቸው በፊት ግን ከጣሳው ጥቂት ወደ ቀኝ መዳፋቸው አንጠባጠቡ፤ አፋቸው ላይ አድርገው ቀመሱት፤ ከዚያ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

ስሜነህ ጣሳውን ተቀበለ። «አሁን ያደረጉትን ይንገሩኝ።»

«ምን አደረግሁ? ሰጠሁህ።»

«ከመስጠትዎ በፊት።»

«ቀመስሁልሃ! ሳይቀምሱ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? መርዝ ቢኖርበትስ?»

«ከኔ ጣሳ ነው የቀመሱት።»

«ታዲያ ከማን ጣሳ ልቅመስ? ለምትጠጣው አይደል የምቀምሰው?»

«ከዚያስ? ሌላ እንግዳ ቢመጣ?»

ወይዘሮ አስረበብ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አደረጉ። ወደ እንስራው ጎንበስ ብለው፣ በጠላ ላይ የሚንሳፈፈውን ገለባ ለመግፋት እንደሚያደርጉት በዚያው መዳፋቸው የውሃውን ፊት ገፋ አድርገው ቅሉን አስገቡ። ከዚያ እጃቸው እዚያው ቆመ።

ስሜነህ በጥጥ መዳፋቸውን ጠረገ፤ ከዚያ ውሃውን፤ ከዚያ የጣሳውን ከንፈር። መሣሪያው በሦስቱም ሰባተኛውን አገኘ።

«እኔ ነኛ፣» አሉ ወይዘሮ አስረበብ ቀስ ብለው። «በገዛ እጄ።»

«ጣሳው የኔ ነው። ሻይ የምጠጣበት ማብላያው አጠገብ ነው። እርስዎ ያደረጉት ደግ ነገር ነው።»

«እናቴም እንዲህ ነበር የምትሰጠው።» እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «ይኸን የጣሳ ሕግ ያወጣው ማነው?»

«የሐይቁ ዙሪያ ጽሕፈት ቤት።»

«ጠላ በጠርሙስ የሚጠጣ ሰው ነው ያወጣው።»

የሌላውን ወገን መልስ ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። በየካቲት መጨረሻ፣ ስሜነህ በቆጠራ ቀናት በሚያድርበት በድርጅቱ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ለአሥራ አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። በእነዚያ ቀናት ስሜነህ ከእንጎዳ ሲመለስ ጣሳውን ያለቀለቀው ውሃ ባለበት ብቸኛ ቦታ፣ ለአራተኛው ማብላያ እርሾ በሚራባበት ክፍል የእጅ መታጠቢያ ላይ ነው። ልብሱን ቀይሯል። ፀረ ተሕዋስ በሚረጨው የጭጋግ በር አልፏል። ጣሳው ግን የግል ዕቃ ስለሆነ ማንም አልጠየቀውም። የመታጠቢያውን ቱቦ ከፍቶ ጥጥ ሲያስገባ የእንጎዳ እርሾ እዚያው ነበር።

እያንዳንዱ ወረቀት ስለ ገባው ነገር ልክ ነበር፤ ስለ ወጣው ግን ተሳስቷል።

*

ደንቡ ተሸካሚ ለሚባል ሰው ሁለት ገጽ ሰጥቷል። ተሸካሚው ከታወቀ ማጥራቱ ይነሳል፤ የተበላሸው ይደፋል እንጂ ጋን አይሰበርም፣ ጋኖቹ ታሽገው ሰባተኛው በርሃብ እስኪሞት ለሁለት ዓመት ይቀመጣሉ። ማብላያው ይታጠባል። ተሸካሚው ግን ስሙ ይመዘገባል። ለአምስት ዓመት ምንም ነገር የሚቦካበት ቤት አይገባም። ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ያጣል።

የስሜነህ ሚስት ትርንጎ ከመስመሩ ውጭ በምትገኘው ወረብ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት አላት። የሚኖሩት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ የሊጡ ጎድጓዳና አልጋቸው የሚለያዩት በአንድ መጋረጃ ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ የጠዋቱ ዳቦ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ደረሰ። ቦርሳውን ከበሩ ውጭ ባለው ዛፍ ላይ ሰቀለው። ትርንጎ ክንዷ ድረስ ዱቄት ለብሳ ጎድጓዳውን ትፍቅ ነበር።

«ምነው ፊትህ እንዳልተነሳ ሊጥ ሆነ?»

«መነሻውን አገኘሁት።»

«ታዲያ ደስ አይበልህ? ማነው?»

«እኔ።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሰዓቱን፣ መዳፉን፣ የመታጠቢያውን ቱቦ። ትርንጎ መፋቋን ሳታቆም ሰማችው። ሲጨርስ መፋቂያውን አስቀመጠች።

«ጣሳው ነው እንጂ አንተ አይደለህ። ጣሳውን ሐይቅ ውስጥ ወርውረህ ዝም በል።»

«ጣሳ የሚመዘገብበት ቅጽ የለም። ሰው ነው የሚመዘገበው።»

«ያልታወቀ በለው። ማን ያጣራሃል? አጣሪው አንተ ነህ!»

«ሃያ ስድስት ጋን ይሰበራል።»

«እዚህስ? እዚህ ምንም አይሰበርም?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ከዚያ የጎረቤቷን መስኮት አይታ ዝቅ አደረገችው። «አምስት ዓመት እኮ ነው ስሜነህ። በመስኮት ልታወራኝ ነው? በዓል ሲሆን ዶሮ በበሩ ስር ላሾልክልህ ነው?»

«ሊጡን...»

«ያቺን ቃል እንዳትጨርሳት።» ጣቷን ቀሰረችበት። «ይኸን እርሾ አሥር ዓመት በእጄ አሳደግሁት። ቤቱ ሲቃጠል ከገንዘቡ በፊት ያወጣሁት እሱን ነው። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እንድትቀቅይው ልልሽ አልነበረም።»

ደጃፉ ላይ አንድ ሰው ዳቦ ጠየቀ፤ አልቋል ብላ መለሰችው። ወንበር ላይ ተቀመጠችና ክንዷን ማራገፍ ጀመረች። ዱቄቱ ጭኗ ላይ ወረደ።

«ልትናገር ቆርጠሃል።»

«አዎ።»

«ልትጠይቀኝ አልመጣህም። ልትነግረኝ ነው የመጣኸው።»

ይህ እውነት ነበር።

«እንግዲያው አንድ ነገር ስማኝ፣» አለች። «ደንቡን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ዳቦ ቤት ስከፍት አስፈርመውኛል። የቤቱን ባለቤት ነው የሚጠይቁት። ሰው ሁሉ እያየ ተነሺና ምረጪ ይሉኛል፤ ሊጡን ወይስ ባልሽን። የምሰጠውን መልስ አላውቀውም። አንዱን ብል ከእንጀራዬ እጣላለሁ፤ ሌላውን ብል ሰው ባሏን በዳቦ ለወጠች ይለኛል፣ አንተም አንድ ቀን ታነሳብኛለህ። እዚያ አታቁመኝ።»

«አትምጪ እንግዲያው። ከሌለሽ በጽሑፍ ነው የሚጠይቁሽ።»

«እሱን ደግሞ አንተ አትነግረኝም፣» አለችና ተነስታ መፋቂያዋን አነሳች።

*

የሁለቱ ወገኖች ስብሰባ እንደ ልማዱ ቀዩ መስመር ላይ ተደረገ። የድርጅቱ ሰዎች ከመስመሩ ውስጥ፣ የእንጎዳ ሰዎች ከመስመሩ ውጭ ቆሙ። በመካከል፣ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ ሁለት እግሩ ወዲህ፣ ሁለት እግሩ ወዲያ። ከሐይቁ ዙሪያ ጽሕፈት ቤት የመጣችው መዝጋቢ ማኅተሟን ደርድራ ተቀምጣለች። የሰባሪዎቹ መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ስር ቆሟል።

ኢንጂነር ዳግማዊ ሪፖርቱን አነበበ። የጤና ጣቢያዎቹን ጀልባዎች ሲጠቅስ የሠራተኞቹ ወገን አጨበጨበ።

«የኛስ ዓይን?» አሉ ወይዘሮ አስረበብ ከወዲያ። «ሁለት ቀን ዓይኑ የጠፋበት ሰውዬ ጀልባ አያስፈልገውም?»

የእንጎዳ ወገን ሳቀ፤ ከሠራተኞቹም አንዳንዶቹ ሳቁ። መዝጋቢዋ ስሜነህን ጠራች።

ስሜነህ ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ከደብተሩ አነበበ። ቃላቱን አላሳመራቸውም። የትኛው ቤት በስንት ሰዓት እንደገባ፣ የት እንደጠጣ፣ የት እንዳልጠጣ ተናገረ። ጣሳውን ከማብላያው አጠገብ ይጠቀምበት እንደነበር፣ በኋላም እርሾ በሚራባበት ክፍል እንዳለቀለቀው ተናገረ። የመኖሪያው ውሃ ለአሥራ አንድ ቀን ጠፍቶ እንደነበርና ለድርጅቱ ሦስት ጊዜ አመልክቶ መልስ እንዳላገኘም አነበበ፤ ዳግማዊ አንገቱን ደፋ። ደንብ ቁጥር ሦስት ሲጻፍ በእንጎዳ ጠላ እንዴት እንደሚቀርብ የጠየቀ ሰው እንደሌለም አነበበ፤ መዝጋቢዋ ይህን ስትጽፍ እጇ ትንሽ ቆም አለ።

«መነሻው ታውቋል፣» ብሎ ጨረሰ። «ተሸካሚው እኔ ነኝ።»

በሁለቱም ወገን ሰው እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ስምንት ዓመት እጃችንን ሲያስታጥበን የኖረው እሱ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ዝም አሰኘው።

«ኧረ አንተ ልጅ!» አሉ ወይዘሮ አስረበብ። «ቀስ በል እንጂ! ሌላ መንገድ ሳይፈልጉ እንዲህ ራስን አሳልፎ ይሰጣል?»

«ፈልጌአለሁ እትዬ አስረበብ። አሥር ቀን ሙሉ።»

መዝጋቢዋ ለሰባሪዎቹ መኪና በእጇ ምልክት ሰጠች። ሞተሩ ተነሳ፤ መኪናው ዞሮ በመጣበት ሄደ። የእንጎዳ ሴቶች እልል አሉ፤ ግን ስሜነህን ሲያዩ ቶሎ አቆሙ። መዝጋቢዋ አዲስ ቅጽ አውጥታ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሥራ መታወቂያ ቁጥሩን ጠየቀችው። መታወቂያውን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«የመኖሪያ አድራሻ?»

«ወረብ፣ ቀበሌ ሁለት።»

«ቤቱ ውስጥ የሚቦካ ነገር አለ?»

«አለ። ዳቦ ቤት ነው።»

መዝጋቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ደንቡ ሁለት መንገድ ይሰጣል። ወይ የቤቱ እርሾ ይቀቀልና ቤቱ ይዘጋል፤ ወይ ተሸካሚው ከቤቱ ይወጣል። ምርጫው የቤቱ ባለቤት ነው። የቤቱ ባለቤት እዚህ አሉ?»

በእንጎዳ ሰዎች መካከል፣ ከኋላ፣ አንድ እጅ ወጣ። ትርንጎ ነበረች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። ስሜነህ እስከዚያች ደቂቃ አላያትም ነበር።

«እባካችሁ ድምፅ ማጉያውን አሳልፉላቸው፣» አለች መዝጋቢዋ።

ድምፅ ማጉያው ከስሜነህ እጅ ተወስዶ ከሰው ወደ ሰው ወደ ኋላ ተላለፈ። ሰው ሁሉ መንገድ ከፍቶ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ትርንጎ ተቀበለችው፤ ወደ አፏ አስጠጋችው፤ ስትተነፍስ ተሰማ። አፏ ተከፈተ፣ ግን ቃል አልወጣም።

«ወይዘሮ፣ መልስዎን ልመዝግብ፣» አለች መዝጋቢዋ። «ሊጡ ነው ወይስ...»

«እሷን አትጠይቂያት፣» አለ ስሜነህ። ማጉያ አልነበረውም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ረድፍ እስኪሰማ ድረስ ጮኾ ተናገረ። «የሚመረጥ ነገር የለም። ሊጡ አይነካም፤ እኔ እወጣለሁ።»